ጩኸቱና የተከፈተው ደብዳቤ፦ ትችት በበዛበት ዘመን ጸንቶ ማገልገል



ቀድሞ አንድ አገልጋይ ቢታማ፣ ሐሜቱ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ገበያ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ማታ በፌስቡክ የጻፈው ነገር ጠዋት ደባርቅ ላይ የሻይ ቤት ወሬ ይሆናል። አዲስ አበባ ተቀርጾ የተቆራረጠ ስብከት በቴሌግራም ዳባት ይገባል። በትልቅ ከተማ የሚያገለግል ሰው ስልኩን ዘግቶ በማያውቁት ሰዎች መካከል መሄድ ይችላል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ከተሞች ግን ወንጌላውያን ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያገለግላቸውንም ሰው አገሩ ሁሉ በመልኩ ያውቀዋል። ስሙ በስልክ ሲጠፋ ሚስቱ ወፍጮ ቤት ትጠየቃለች፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይሰማል። በዚህ ምክንያት ከአገልግሎት ለመውጣት የሚያስቡ ጥቂት አይደሉም። ታዲያ እንዲህ ባለ ጊዜ እንዴት እንጽና?

1. ነህምያ ሁለት ጊዜ ወቀሳ መጣበት

ብዙ ጊዜ ስለ ትችት ስንሰብክ ነህምያ ምዕራፍ 6ን እናነባለን። ሰንባላጥና ጌሳም በኦኖ ሜዳ እንገናኝ እያሉ አራት ጊዜ ላኩበት፤ እርሱም ታላቅ ሥራ ይዟልና ከቅጥሩ አልወርድም አለ። በአምስተኛው ጊዜ የመጣው ግን የተከፈተ ደብዳቤ ነበር (ነህ. 6፥5-7)። ደብዳቤ የሚታተመው ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበው ነው። ይህ ግን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እንዲያነበው ተከፍቶ ተላከ። ሊነግሥ ያስባል የሚል ክስ ይዟል፤ ማስረጃውም እንዲህ ተብሎ ተወርቷል የሚል ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የሚደርሰን ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዚህ በፊት ያለውን ምዕራፍ ዘልለን እንዳናልፍ። በምዕራፍ 5 ሕዝቡና ሴቶቻቸው በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። እርሻቸውን በመያዣ አስይዘው ልጆቻቸውን ለባርነት መስጠት ደርሶባቸው ነበር። ነህምያ ይህን ሲሰማ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አልሸኛቸውም። አዘነ፤ በልቡ አሰበ፤ ጉባኤ ጠራ፤ ታላላቆቹን ገሠጸ፤ የተወሰደውም እንዲመለስ አደረገ። እርሱና ወንድሞቹ ብድር መስጠታቸውንም አልደበቀም (ነህ. 5፥10)።

ያው አንድ ሰው ለጩኸቱ ከቅጥሩ ወረደ፤ ለደብዳቤው ግን አልወረደም። የጽናት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ትችት የሰይጣን ውጊያ የሚል አገልጋይ የተበደለውን ሰው ጩኸት ያፍናል። ለሁሉም ትችት መልስ የሚሰጥ አገልጋይ ደግሞ ቅጥሩን ሳይጨርስ ያረጃል።

2. ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን?

ጩኸት ባለቤት አለው። የሚጮኸው ሰው የደረሰበትን ይናገራል፤ ነገሩም እንዲስተካከል ይፈልጋል። የተከፈተ ደብዳቤ ግን ተብሏል፣ ተወርቷል ይላል፤ የሚፈልገውም አገልጋዩ እንዲፈራና እጁ ከሥራው እንዲዝል ነው (ነህ. 6፥9)። ጩኸት የምታውቁትን በር ያንኳኳል። በሩ ካልተከፈተለት ግን እርሱም አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ በፌስቡክ ወጣ ብለን ብቻ አንናቀው። በደል የደረሰባት እህት ሽማግሌዎችን ሦስት ጊዜ ለምና የሚሰማት አጥታ ብትጽፍ፣ ይህ ጩኸት ነው እንጂ የሰንባላጥ ደብዳቤ አይደለም።

በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይሰማ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ይጽፍለታል። ቀጥሎም ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት እንዲገሥጽ ያዘዋል (1ጢሞ. 5፥19-20)። የመጀመሪያውን ጥቅስ ብቻ ይዘን ሁለተኛውን መተው አንችልም። የገንዘብ ጥያቄም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ይናገራል (2ቆሮ. 8፥20-21)። የሂሳብ መዝገቧ ለአባላት ክፍት የሆነ ቤተ ክርስቲያን ግማሹን ሐሜት ሳይወለድ ታስቀረዋለች።

3. ለተከፈተው ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ

ነህምያ ዝም አላለም፤ ረጅም ክርክርም አልገጠመም። የተባለው ነገር አለመደረጉን፣ ከልብ የተፈጠረ መሆኑን በአጭሩ ተናገረ። ከዚያ እግዚአብሔር እጁን እንዲያበረታ ጸለየ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ (ነህ. 6፥15)። አንድ ጊዜ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡ፤ ከተቻለም ሽማግሌዎች በጋራ ይስጡት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡ። ሌሊት ተነሥቶ አስተያየት የሚቆጥር ሰው ጠዋት ለመንጋው የሚሆን ቃል አይኖረውም። ንጉሥ ሕዝቅያስ የስድቡን ደብዳቤ ተቀብሎ ያነበበው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በጌታ ፊት ዘረጋው (2ነገ. 19፥14)።

ለሕይወት የሚያሰጋ ዛቻ ወይም ለጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግር ከሆነ ግን በሕግ መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ጳውሎስም ቢሆን ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)።

4. የምንጽፈው ማን ላይ ያርፋል?

በዚህ ጉዳይ የራሳችን አገር ታሪክ የሚያስተምረን አለ። ሄንሪ ስተርን ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ለመስበክ የመጣ ሚስዮናዊ ነበር፤ ባልደረባው ፍላድ በደምቢያ ጀንዳ ያገለግል ነበር። ስተርን እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ጉዞው በለንደን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት በድህነት ኮሶ ይሸጡ እንደነበር የሚወራውን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1863 ወደ ባሕር ጠረፍ ለመውረድ ጉዞ ጀምሮ ሳለ፣ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ በወገራ ሜዳ ላይ የንጉሡን ድንኳን አይቶ ሊሰናበት ገባ። ንጉሡ ተቆጥተው ነበርና ሁለት ረዳቶቹ ተደብድበው ሞቱ፤ እርሱም ተደብድቦ ታሰረ። ቀጥሎ መጽሐፉና ወረቀቶቹ ሲመረመሩ ክስ ሆኑበት። ከእስር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ነው። ሌሎች ሚስዮናውያንም አብረውት መከራ ተቀበሉ።

የንጉሡ ቁጣ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ጭካኔውንም ማንም አያጸድቀውም። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሩቅ አገር የተጻፈ ቃል ወደ ወገራ ይመለሳል፤ ሲመለስም ከጸሐፊው ሌላ ብዙዎችን ይነካል። አንድ ሰባኪ ተሰድቤአለሁ ብሎ በንዴት ስለ ጎረቤቶቹ እምነት ክፉ ቃል ቢጽፍ፣ እርሱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሊሆን ይችላል። ዋጋውን የምትከፍለው ግን በገጠር ብቻዋን ያመነች እናት ናት፤ ከእድር ትገለላለች፤ ልጇን የምትቀብርበት ቦታ ታጣለች። ወንጌላውያን የቀብር ቦታ ለማግኘት ምን ያህል እንደተቸገሩ የምናውቅ ሰዎች ነን። ስለዚህ መልስ ከመላካችን በፊት ይህን የሚሸከምልኝ ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ጌታችን ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም (1ጴጥ. 2፥23)።

ከ1868 በኋላ የውጭዎቹ አገር ለቀው ሲወጡ ያንን ሥራ የቀጠሉት እንደ ሚካኤል አረጋዊና እንደ ደብተራ ብሩ ያሉ የአገር ልጆች ናቸው። ሥራው የጸናው ከሕዝቡ ጋር አብረው በሚኖሩ ሰዎች ነበር።

5. ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ብዙ ችግር አመጣ፤ ሰው ከዘመዱ ተለያየ። የተከሰሰ አገልጋይ እንኳ ስለ እርሱ ውጭ የሚወራውን ማየት አይችልም ነበር። ነገር ግን ሙገሳውም ስድቡም ዝም ባለበት በዚያ ጊዜ ለቅሶ መድረስ ነበረ፤ የታመመ መጠየቅ ነበረ፤ የተፈናቀለውን መቀበል ነበረ፤ ቃሉና ጸሎቱ ነበሩ። አገልግሎት ማለት ይህ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ እንዳንረሳው። በጎረቤቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ፣ በችግር ቀን የደረሰ ሰው፣ ስሙ በስልክ ሲጠፋ እኔ አውቀዋለሁ የሚል ምስክር አያጣም።

6. ለምእመናን

ወገኖች ሆይ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ስለ አገልጋያችሁ ክፉ ነገር ሲደርሳችሁ ለሌላ ከመላካችሁ በፊት ወደ እርሱ ሂዱና ጠይቁት (ማቴ. 18፥15)። እውነት ከሆነ በፍቅርና በሥርዓት ይታረም። ሐሰት ከሆነ እናንተ ጋ ይቁም። ሚስቱንና ልጆቹንም ቤታቸው ሄዳችሁ አጽናኗቸው፤ እነርሱ ሳይከራከሩ የሚቆስሉ ናቸውና።

አገልጋዮች ሆይ፣ የተበደለው ሲጮኽ ውረዱ፤ የተከፈተው ደብዳቤ ሲመጣ አትውረዱ። ነፍሳችሁ ዝላ እንዳትደክሙ፣ ከኃጢአተኞች የደረሰበትን ያን ያህል መቃወም የታገሠውን ጌታ አስቡ (ዕብ. 12፥3)።

ጌታ እጃችሁን ያበርታ። አሜን።