ስለ አጥንት መሳሳትና ስለ መለኪያው

አጥንት እንደ ድንጋይ የማይለወጥ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አጥንት ሕይወት ያለው አካል ስለ ሆነ አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ ሲተካበት ይኖራል። በልጅነትና በጕርምስና ዘመን የሚሠራው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ ክምችቱም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ድረስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ይገለበጣል። በሴቶች ዘንድ የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ መሳሳቱ ይፈጥናል። ይህ በሽታ ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል።

የበሽታው ክፋት ዝምታው ነው፤ አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ አያምም። አያቴ በቀድሞ ልካቸው ያሰፉት ቀሚስ መሬት ሲጠርግ ጊዜ «ሰፊው አስረዘመብኝ» ይሉ ነበር። ኋላም አንድ ጀሪካን ውሃ ሲያነሡ ወገባቸውን ቢያማቸው፣ ብርድ ነው ብለው በቅባት እየታሹ ሰነበቱ። ራጅ በተነሡ ጊዜ ግን ከጀርባቸው አጥንቶች አንዱ ተጨፍልቆ ተገኘ። ያጠረው ቁመታቸው ነበር እንጂ የረዘመው ቀሚሱ አልነበረም።

ተራው ራጅ የተሰበረውን ያሳያል እንጂ መሳሳቱን በጊዜ አያሳይም፤ ከአጥንቱ ማዕድን ሲሶ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ በፎቶግራፉ ላይ ለመለየት ያስቸግራልና። ስለዚህ ዴክሳ የተባለ ልዩ መሣሪያ ተሠራ። ተመርማሪው በጠፍጣፋ አልጋ ላይ ይጋደማል፤ መሣሪያው ኃይላቸው የተለያየ ሁለት ጨረሮች በወገቡና በዳሌው ላይ ያሳልፋል። ሥጋና አጥንት ጨረሮቹን የሚያስቀሩት በተለያየ መጠን ስለ ሆነ፣ የሥጋው ድርሻ ተቀንሶ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ግራም ማዕድን እንዳለ ይታወቃል። ሥራው በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል፤ አያምም፤ ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው።

የተገኘው ልክ በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉ ጤናማ ወጣቶች አጥንት ጋራ ይነጻጸራል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ. ም. ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች እስከ 1 ድረስ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከ1 አልፎ 2.5 ካልደረሰ አጥንቱ ቀንሷል፤ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ የባሰ ከሆነ በሽታው አለ ማለት ነው። የአያቴ ውጤት ከዜሮ በታች 3.1 ሆነ። ይህን ማወቁ በከንቱ አልነበረም፤ መሳሳቱን የሚያዘገይ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ እኛም እንዳይወድቁ ብለን የደጃፉን ደረጃ አስተካከልን።

በአሜሪካ አገር ስለ መከላከያ ምርመራ የሚመክረው የባለሙያዎች ጓድ፣ 65 ዓመት የሞላቸው ሴቶች ሁሉ እንዲመረመሩ በ2025 ዓ. ም. በድጋሚ መክሯል፤ ስለ ወንዶች ግን ማስረጃው ገና አልበቃም ብሏል። መሣሪያው በማይገኝበት ስፍራ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ2008 ዓ. ም. የወጣው ፍራክስ የተባለው ስሌት ይረዳል። ይህም ስለ ዕድሜ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ቀድሞ ስብራት፣ ስለ ወላጅ የዳሌ ስብራት፣ ስለ ትምባሆና ስለ መጠጥ ጠይቆ፣ በሚመጡት 10 ዓመታት አጥንት የመሰበሩን ዕድል ይገምታል።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከቤታችሁ አረጋውያን መካከል ቁመታቸው ያጠረ ወይም በቀላል አወዳደቅ የተሰበሩ ቢኖሩ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ጠይቁ።

እናንተም ጓደኞቼ፣ አረጋውያን የሚለኩበት ሚዛን የወጣት አጥንት መሆኑን ልብ በሉ። የእኛ ክምችት ገና አልሞላም። ወተት፣ በጾም ወራትም የጤፍ እንጀራ፣ ጎመንና ሰሊጥ ካልሲየም ይሰጡናል፤ የፀሐይ ብርሃን ቫይታሚን ዲ ይሰጠናል፤ ሩጫና ዝላይ አጥንትን ያጠነክራሉ። እንግዲህ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከዛፍ ጥላ ሥር መቀመጡን ትተን ወደ ሜዳው እንውጣ።