የሕፃናት ማቆያ ያለ ክፍያ፦ ኒው ሜክሲኮ ከአሥር ዓመት ውትወታ በኋላ

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ኒው ሜክሲኮ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወላጆችን ገቢ ሳትጠይቅ የሕፃናት ማቆያ ወጪን መሸፈን ጀምራለች። ይህን በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ናት። የአገረ ገዥዋ የሚሼል ሉሃን ግሪሻም ጽሕፈት ቤት እንዳሰላው፣ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ በዓመት በአማካይ 12,000 ዶላር ያህል ይተርፈዋል። ዜናውን የሰማ ሰው ግዛቲቱ ባለጸጋ ልትመስለው ትችላለች። ኒው ሜክሲኮ ግን በድህነቷ የምትታወቅ ናት፤ የልጆችን ኑሮ በየግዛቱ በሚያወዳድረው ዓመታዊው የ«ኪድስ ካውንት» ሪፖርትም በተደጋጋሚ የመጨረሻዋ፣ 50ኛ ወጥታለች።

ታዲያ እዚህ እንዴት ደረሰች?

ከዋሽንግተን ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊቱን ወደየግዛቱ ማዞሩ የቆየ ነገር ነው። በ1971 የአሜሪካ ኮንግሬስ አገር አቀፍ የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ግን ውድቅ አደረጉት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በፕሬዚዳንት ባይደን ዘመን የቀረበው ሰፊ ዕቅድም ሴኔት ውስጥ ቀረ። በዚህ መሐል ልጅ ያላቸው ሰዎች በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ከቤት ኪራይ ጋር ሲፎካከር፣ ልጆቹን የሚይዙት ሠራተኞች ደግሞ ከዝቅተኛ ተከፋዮች መካከል ሆነው ቀሩ።

የኒው ሜክሲኮ ወትዋቾች የመጀመሪያ ብልሃት ገንዘቡ የት እንዳለ አስቀድመው መለየታቸው ነው። ግዛቲቱ በ1912 ወደ ኅብረቱ ስትገባ ከፌዴራል መንግሥት የተሰጣት ሰፊ መሬት ነበር። ከዚያ መሬት የሚወጣው ነዳጅና ጋዝ የሚያስገኘው ገቢ በአንድ ቋሚ ፈንድ ይጠራቀማል፤ ፈንዱም ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በየዓመቱ 5 በመቶው እየወጣ በዋነኛነት ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይውል ነበር፤ አምስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይደርሰውም ነበር። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ሆነ፦ ከዚህ ፈንድ ጥቂት ለትንንሾቹም ይጨመር።

ጥያቄውን ያነሡት በሙያቸው ፖለቲከኛ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። «ኦሌ» የተባለው ድርጅት ወላጆችንና የማቆያ ሠራተኞችን አደራጅቶ ወደ ዋና ከተማዋ ሳንታፌ፣ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ይዟቸው ይሄድ ነበር። ካቶሊካዊው የበጎ አድራጎት ተቋም «ሴንት ጆሴፍስ ችልድረን»ም ለዓመታት ከጎናቸው ቆመ። ቁጥር የሚያቀርብ ባለሙያ ነበራቸው፤ ስለ ደመወዟ የምትናገር ሞግዚትም ነበረቻቸው።

መሰናክሉ የት እንደነበረም በግልጽ ይታወቅ ነበር። የኒው ሜክሲኮ ሕግ አውጪዎች ደመወዝ የላቸውም፤ መደበኛ ጉባኤያቸውም አንዱን ዓመት 60፣ ቀጣዩን ዓመት 30 ቀን ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ አንድ ኮሚቴ ረቂቁን ወደ ጎን ካደረገው፣ ረቂቁ ድምፅ ሳይሰጥበት ይሞታል። የታችኛው ምክር ቤት ይህን የሚፈቅደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደጋግሞ ሲያሳልፍ፣ በሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ደጃፍ ይቀር ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጆን አርተር ስሚዝ ራሳቸው ዲሞክራት ቢሆኑም፣ ፈንዱ ለመጪው ትውልድ የተቀመጠ ስለሆነ ዛሬ ብዙ ሊወሰድበት አይገባም ብለው ያምኑ ነበር። ገንዘብ ሲጠየቁ እምቢ ማለት ስለሚያበዙ «ዶክተር ኖ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል።

በጁን 2020 በተካሄደው የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ስሚዝ ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ማሻሻያው ሁለቱንም ምክር ቤቶች አለፈ። በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ሲቀርብ 70 በመቶ ያህሉ መራጭ ደገፈው። ፈንዱን ያቋቋመው የቆየ ሕግ የፌዴራል ስለነበር የኮንግሬስ ይሁንታም አስፈለገው፤ እሱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተገኘ። አሁን ከፈንዱ በየዓመቱ ተጨማሪ 1.25 በመቶ ይወጣል፤ ከዚህም 60 በመቶው ለሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የሚውል ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላውም ሥራ አልቆመም። ግዛቲቱ በ2019 ለሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብቻ የተለየ የካቢኔ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመች። በ2020 በ300 ሚሊዮን ዶላር የተለየ የአደራ ፈንድ ከፈተች። በ2022 ደግሞ እስከ 111,000 ዶላር ገደማ ገቢ ላለው ባለ አራት ሰው ቤተሰብ ክፍያውን አስቀረች። የ2025ቱ ውሳኔ በዚህ ሁሉ ላይ የተጨመረ ነው። ሥራው ግን አላበቃም፤ ወላጅ ባይከፍልም ልጁን የሚይዝ ሰው መገኘት አለበት። በዚህም ምክንያት ግዛቲቱ ለጀማሪ ሠራተኛ በሰዓት ቢያንስ 18 ዶላር ለሚከፍሉ ማቆያዎች የተሻለ ክፍያ አቅርባለች።

ነዳጅ የሌላቸው ግዛቶች ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ቨርሞንት በ2023 በደመወዝ ላይ 0.44 በመቶ ግብር ጥላ ለሕፃናት ማቆያ እንዲውል ወሰነች። አገረ ገዥው ፊል ስኮት ሕጉን ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ውሳኔያቸውን ሻረው። ከዚህ ጀርባ የነበረው «ሌትስ ግሮው ኪድስ» የተባለው ዘመቻ ገና ሲጀምር የሚዘጋበትን ጊዜ ቆርጦ የተነሣ ነበር።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባትና በሕፃናት ማቆያ ሥራም በተሰማሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። ዲሲ ግዛት ባትሆንም የራሷን በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት አላት። ምክር ቤቱ በ2021 በባለ ከፍተኛ ገቢዎች ላይ ግብር ጨምሮ፣ የሕፃናት መምህራንን ደመወዝ የሚደጉም ፈንድ አቋቋመ። በ2024 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ፈንዱን ከበጀቱ ለማውጣት ሐሳብ አቀረቡ። መምህራን፣ የማቆያ ባለቤቶችና ወላጆች ተቃውሟቸውን ካሰሙ በኋላ ምክር ቤቱ 70 ሚሊዮን ዶላር መልሶ መደበለት።

እንዲህ ባለው ክርክር መሳተፍ ለዜጎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ዜግነት የሚጠየቀው በግዛትና በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ነው። ለምክር ቤት አባል ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም በሕዝባዊ መድረክ ቀርቦ ለመናገር ግን ፓስፖርት አያስፈልግም። ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል፤ አስተያየትን በጽሑፍ ማስገባትም ይቻላል። የበጀት ክርክር ሲጀመር አባላቱ የሚፈልጉት ዝርዝር ነው፦ ስንት ልጅ ይያዛል፣ ስንት ሠራተኛ ለቀቀ፣ ድጎማው ቢቀር የትኛው ክፍል ይዘጋል። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በጀቱ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል፤ የደመወዝ ድጎማውም በዚያው ወቅት እንደገና ይታያል።