ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

«ይውረድ!» ጋራዥ ውስጥ ይህች ቃል ቶሎ ነው የምትወጣው። ባለመኪናው «ማርሽ ሲቀይር ይመታል» ብሎ ሳይጨርስ ረዳቱ ክሪክ ይጎትታል። ጠጋ በሉና ልንገራችሁ፤ ከምናወርዳቸው አውቶማቲክ ካምቢዮዎች መካከል ሳያስፈልጋቸው የወረዱ አሉ። ይህን ደግሞ ከእኛ ከአውራጆቹ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አራተኛ እምቢ ብላኛለች። ሁለት ቦታ አሳየሁ፤ ሁለቱም ‹ሶማሌ ተራ ይሂዱና ሌላ ካምቢዮ ይግዙ› አሉኝ።»

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚብስብዎት?»

«ጠዋት በአዳማው ፈጣን መንገድ ስወጣ ሞተሯ እየጮኸ ነው የምትሄደው። ከሰዓት በጭንቅንቁ ስንፏቀቅ ቆይቼ ቀለበት መንገድ ስገባ ግን ትቀበለኛለች። ጥቂት ሄጄ መልሳ ትጥለዋለች።»

ፍንጩ «መልሳ ትጥለዋለች» ያሉት ነው። አብሬያቸው ወጣሁና ዓይኔን ከሙቀት መርፌዋ ሳልነቅል ተጓዝን። መንገዱ ተከፍቶ ነፋስ ራዲያተሩን ሲያገኘው መርፌዋ ቁልቁል ወረደች፤ አራተኛዋም አብራ ሄደች። ተመልሰን የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍተው ባዶ ነው። ድሮ መኪናዋ ሞቃ አስቸግራ ኖሮ አንዱ መካኒክ ነቅሎ ጥሎታል። የእነዚህ ኮሮላዎች ኮምፒውተር ደግሞ የሞተሩ ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ካልተጠጋ አራተኛን አይፈቅድም። ካምቢዮው የታዘዘውን ነበር የሚሠራው። አዲስ ቴርሞስታት ገባላት፣ ጋሼም አዳማ ደርሰው መጡ።

ሁለቱ ጋራዦች ይህን ያላዩት ስለማያውቁ ላይሆን ይችላል። የእኛ ቤት ሂሳብ እንዲህ ነው፦ ካምቢዮ ማውረድ ዋጋ አለው፣ ቆሞ ማሰብ የለውም። ግማሽ ቀን መርምሬ «ምንም የለውም፣ አንዲት ገመድ ነች» ብል ደንበኛው «ታዲያ ምን ሠራህና ልክፈልህ?» ይለኛል። ካወረድኩት ግን የተዘረጋውን ብረት አይቶ ሳይከራከር ይከፍላል።

አሁን እኛ በመጀመሪያ ማየት የሚገባንን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዘይቱ። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ይለካል፤ የነዚህ ቶዮታዎች የካምቢዮ ዘይት ግን ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አዳርሶ ወደ ፒ መልሶ ነው። አጥፍቶ የለካ ሰው «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ መኪናዋ በማግስቱ ዳገት ላይ መንሸራተት ትጀምራለች። ጠብታዋን ነጭ ሶፍት ላይ አኑሯት። ቀይ ከሆነች ደህና፤ ጠቁራ የተቃጠለ ከሸተተች ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው፤ ወተት የነካው ሮዝ ከሆነች ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ ገብቷል። የኋለኛውን ሳያዩ ካምቢዮ የቀየሩ ሰዎች አዲሱንም በዚያው ራዲያተር ገድለውታል።

የዘይቱ ዓይነትም ቀላል ነገር አይደለም። የድሮዎቹ ኮሮላዎች ዴክስሮን ይጠጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ቲ ፎር ወይም ደብሊው ኤስ ይፈልጋሉ። ከኋለኞቹ ቪትዞች ብዙዎቹ ደግሞ ሲቪቲ ናቸው፤ የራሳቸው ዘይት አላቸው። «ቀይ ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሱቁን ቀይሩ።

ሁለተኛ ገመዷ። በድሮዎቹ ላይ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የምትወርድ ቀጭን ገመድ አለች። ካምቢዮው እግራችሁ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያውቀው በእሷ ነው። ከጠበቀች ማርሹ ዘግይቶና እየመታ ይገባል፤ ከላላች ቶሎና እየተንሸራተተ ይገባል። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በገመዷ ላይ ያለው ምልክት ከጎማው ጫፍ የሚኖረው ርቀት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሞተር ከተቀየረ ወይም የአየር ማስገቢያው ከታጠበ በኋላ የመጣ የማርሽ ችግር ሲነገረኝ እጄ ቀድሞ ወደዚች ገመድ ይሄዳል።

ሦስተኛ መብራቷ። ዳሽቦርድ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም አራተኛ፣ ጠፍቷል) የምትለዋ መብራት ትናገራለች። ኮፈን ሥር ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ቁራጭ አገናኝቶ ብልጭታዋን መቁጠር ነው። 42 ካለች የፍጥነት ሴንሰር ነው፤ 62 ወይም 63 ካለች የማርሽ ሶሌኖይዶቹ ናቸው፤ እነሱን ለመቀየር ደግሞ የታችኛውን ገበታ መፍታት ይበቃል።

አራተኛ ሰዓት። መኪናው ሞቆ ቆሞ ሳለ ከኤን ወደ ዲ ስታስገቡ እስኪይዝ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ሲሆን ከ1.5 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ረግጦ፣ ዲ ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻ መስጠት አለ፤ ከ5 ሰከንድ አይበልጥም። የሞተሩ ዙር የጥገና መጽሐፉ ከሚለው በላይ ከወጣ ውስጡ ይንሸራተታል። ካነሰ ግን አትደንግጡ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ይህን ረስተው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለውን ጤነኛ ኮንቨርተር «ሞቷል» ብለው የፈረዱ አሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልተገኘ ገበታው ይፈታ። ውስጡ ያለችው ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት ብታዩ የዕድሜ ነው። የብረት ስንጣሪ ካያችሁ ግን አሁን «ይውረድ» ብንላችሁ እውነታችንን ነው።

ለገዢ ደግሞ አንዲት ሹክሹክታ። መኪና ልታዩ ስትሄዱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ከሞቀ ሻጩ ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚያሳየውን ጠባይ ደብቋል። የኦ/ዲ ቁልፏን ተጫኑና መብራቷ ቦግ ማለቷን ተመልከቱ፤ ብልጭታዋን ለመሸፈን አምፖሏን የሚነቅል አለ። ከዚያ በደንብ አሙቃችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። ያ ዳገት ከደላላ ይልቅ እውነት ይናገራል።

እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጋራዥ ስትገቡ «ለማውረድ ስንት ነው?» አትበሉ። «ሳይወርድ መርምርልኝ፤ ባይገኝበትም የድካምህን እከፍላለሁ» በሉ። ለዓይናችን ካልከፈላችሁ ለመፍቻችን መክፈላችሁ አይቀርም።