ከብራና ወደ ኢንተርኔት፤ በሐይቅና በአምባሰል መንገድ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከመንገድ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንደኛው ደጃፍ ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ ቢያጋጥመን፣ በእጁ ከያዘው ደብተር ይልቅ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ሲመለከት እናገኘዋለን። ስለ ኢንተርኔት ብንጠይቀው ትውልዱን ይቈጥርልናል፤ ሦስተኛው ቀርፋፋ ነበር፣ አራተኛው ደኅና ነው፣ አምስተኛው ደግሞ በታላላቅ ከተሞች ተጀምሯል ይለናል። ልጁ አልተሳሳተም። ነገር ግን ትውልድ የሚለውን ቃል እንደ ልብስ ቈጥሮታል፤ አሮጌው ይወልቃል፣ አዲሱ ይለበሳል። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ይበቃል።

ቀድሞ ደሴት በነበረው፣ ኋላ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ከመጡ ወዲህ ቦታው የታወቀ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ሆነ። ከእሳቸው ዘንድ ከተማሩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እንግዲህ ደብረ ዳሞ፣ ሐይቅና ደብረ ሊባኖስ በመምህርና በደቀ መዝሙር የተያያዙ ሦስት ጣቢያዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፣ የተጻፈበት ዘመን ተለይቶ ከሚታወቅላቸው የግዕዝ መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ይህም መጽሐፍ ወንጌል ብቻ አይደለም፤ የገዳሙን ጉዳይ የሚመለከቱ ማስታወሻዎች በየጊዜው ተጨምረውበታል። ኋለኛው ጸሐፊ የፊተኛውን ሳይፍቅ ከጎኑ ጻፈ።

ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረና የሐይቁም ወንጌል ተነሥቶ 1832 የሚል ቍጥር ተሰጠው። የፊልሙ ግልባጭ በአሜሪካ አገር ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ሆነው የነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር ሲያዘጋጁ ብዙ ዓመት ደከሙ። ዛሬ የዚያ ፊልም ስብስብ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሮ፣ ስሙን ያስመዘገበ አንባቢ ሁሉ ሊመለከተው ይችላል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ፣ በኢንተርኔቱም ላይ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀረ። ብራናው ግን ቀለሙን እንደ ያዘ ነው።

ኢንተርኔት ራሱም ያደገው በዚሁ ዐይነት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 በካሊፎርኒያ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ፣ የታሰበው «ሎግ ኢን» የሚለው ቃል ነበር፤ የደረሱት ግን ሁለቱ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ቆመ። (እንዲህ ያለው ጅምር ዛሬ ስልኩ እንቢ ሲለው ለሚበሳጭ ሰው መጽናኛ ይሆነው ይሆናል።) ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ ላይ በአዲስ በተተካ ጊዜም፣ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው የአድራሻው ነገር ነው። ደብዳቤ ያለ አድራሻ እንደማይደርስ ሁሉ፣ በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ የቍጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አራተኛው ደንብ ሊሰጥ የሚችለው 4 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን የሚያህል አድራሻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህ የማያልቅ መስሎ ነበር። እያለቀ መሄዱ በታወቀ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1998 ስድስተኛው ደንብ ወጣ፤ የዚህኛው አድራሻ ሊቈጠር የሚያዳግት ብዛት አለው። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምእት ዓመት አልፏል፤ አራተኛው ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ዓለም አንድ ሌሊት ተኝቶ በአዲስ ደንብ አልነቃም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የነበረው ኢሜይል መልእክቱን አጠራቅሞ በስልክ መስመር የሚልክ ነበር። ይህም መልእክተኛ በቅሎ እስኪጭን ድረስ ደብዳቤ ከሚጠራቀምበት ከጥንቱ አሠራር ብዙ አይርቅም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991፣ አራተኛው ትውልድ በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. መጣ። በመካከሉ ከፍጥነቱ ይልቅ ለእኛ የሚበልጥ ነገር ተደርጓል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ መግባቱ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደላችን የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ይህ ባይስተካከል ኖሮ የሐይቁ ተማሪ አራተኛም ሆነ አምስተኛ ትውልድ ቢመጣለት፣ ለእናቱ የሚጽፈው በላቲን ፊደል በሆነ ነበር።

ከሐይቅ አልፈን በዚያው መንገድ ወደ አምባሰል ስንገባ ውጫሌን እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ ቦታ የተፈረመው ውል 17ኛ ክፍል፣ ጠቡ በሙሉ መልእክት በማን በኩል ይሂድ በሚል ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ቢፈልጉ ሊላላኩ እንደሚችሉ ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የዚህ አንድ ቃል መዘዝ እስከ ዐድዋ አደረሰ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ዛሬም ኢንተርኔታችን ወደ ውጭ የሚወጣው በጎረቤት አገሮች አልፎ፣ ይልቁንም በጂቡቲ በኩል፣ ከባሕር በታች በተዘረጋው ገመድ ነው። ትውልዱ ስንተኛም ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው፤ ወጣት ባለሥልጣኖቻችን የፍጥነቱን ቍጥር ሲያወጡ ይህንንም አብረው ቢያወጡ ደግ ነው እንላለን።

መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የዚህ አገር ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን በደረሰ ጊዜ መስመሩ ጠፍቶ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ የወላጁን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ከመንገደኛ ቃል ሌላ አልነበረውም። ከዚያም በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። አራተኛው ትውልድ ደርሶለት የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ገንዘብ ለመላክ ወደ ባንክ በእግሩ ሄደ፤ ተማሪም ለትምህርቱ የሚሻውን ከጓደኛው ደብተር ገለበጠ። በዚያ ወራት መቋረጡ የማይነካው የትኛው ጽሑፍ እንደ ነበረ ለመናገር አያስቸግርም።

በዚሁ አገር በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈው የወሎ መንዙማም ከሸህ ወደ ደረሳ በቃል፣ ከቃል ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሲተላለፍ መጥቷል። በስልኩ የሚሰማው ደረሳ አሁንም ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያጠናል፤ ስልኩ ያላስያዘውን ዜማ መምህሩ ያርመዋል። የሐይቁም ተማሪ ሻዩን ጨርሶ የገዳሙን ወንጌል በስልኩ ሊከፍት ቢሞክር፣ መስመሩ ከፈቀደለት ገጹን ከሚኒሶታ ያመጣለታል፤ ቀለሙን ለማየት ቢፈልግ ግን ወደ ገዳሙ መውረድ አለበት።