የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊዎች ሥልጠና

በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የአልጋ ቁስል የያዛቸው ሰዎች ሲበረክቱ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚመረምረው ቁስሉን ነው፤ ኃላፊው ግን የሌሊት ተረኞችን መዝገብ መመልከት ይኖርበታል። አረጋዊውን በሰዓቱ የሚያገላብጥ ሰው ከሌለ ቅባቱም ሆነ ፋሻው ብዙ አይፈይድም።

በአሜሪካ ይህን ኃላፊነት የሚሸከም ሰው የሚሠለጥነው በሕግ ተገድዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲሻሻል፣ ነርሲንግ ሆም በሚባለው መጦሪያ ላይ የሚሾም ኃላፊ ከግዛቱ የሙያ ፈቃድ እንዲኖረው ተደንግጓል። የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃና የልምምዱ ርዝመት ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አገር አቀፉን ፈተና ማለፍ ግን አይቀርም። ሐኪም መሆን ብቻውን ፈቃዱን አያሰጥም፤ ይህም ተገቢ ነው።

የሥልጠናው ዋና ክፍል ልምምዱ ነው። ሠልጣኙ ፈቃድ ባለው ኃላፊ ሥር ሆኖ ከወጥ ቤት እስከ ልብስ ማጠቢያ፣ ከሒሳብ ክፍል እስከ ሕሙማን ክፍል በየተራ ይሠራል። አረጋውያኑን የሚያጥቡና የሚያጎርሱ የነርስ ረዳቶች፣ ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙባቸዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የሚጠበቅባቸው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ብቻ ነው። ከአልጋው አጠገብ ረዥሙን ጊዜ የሚያሳልፉት ግን እነርሱ ናቸው። ሠልጣኙ ከእነርሱ ጋር ጥቂት ሌሊቶች ተረኛ ሆኖ ካላደረ፣ የቁስሉን መንስኤ ጠዋት ከሚቀርብለት ሪፖርት ላይ አያገኘውም።