የባሕር ማሽላው ገበታ

የፎገራዋ ወረታ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፣ ሁለተኛው በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይገባል፣ ሦስተኛው ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ወልድያ ይዘልቃል። መንገደኛ በሚበዛበት ከተማ ደግሞ ምግብ ቤት አይጠፋም። በጾም ቀን ከመንገድ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ገብተው በያይነት ቢያዙ፣ ከመቁረስዎ በፊት ትሪውን አንድ አፍታ ይመልከቱት። ሽሮው በበርበሬ ቀልቶ ይንተከተካል። ከጎኑ ሽንኩርትና ቃሪያ የገባበት የቲማቲም ቁርጥ አለ። ዳር ላይ ደግሞ ሆዱ ተሰንጥቆ ሽንኩርት የተሞላ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ስንግ የምንለው፣ ተቀምጧል። ጎን ካለው ጠረጴዛ አንዱ፣ «እትዬ፣ ቃሪያ ይጨመርልኝ!» ይላል።

በርበሬ፣ ቃሪያና ቲማቲም የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር ሜክሲኮ ይደርሳል። በርበሬና ቃሪያ አንድ ተክል ናቸው፤ ልዩነታቸው በእሸቱ መቀጠፍና ቀልቶ መድረቅ ነው። ሰው ከዱር አውጥቶ ያለመዳቸውም በሜክሲኮ ምድር ነው። ቲማቲም የዱር ዘመዶቹ ደቡብ አሜሪካ ቢገኙም ዛሬ የምናውቀው ትልቅና ሥጋ ያለው ፍሬ የሆነው እዚያው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ስሙም የመጣው «ቶማትል» ከሚለው የጥንት ሜክሲኳውያን የናዋትል ቃል ነው። አቮካዶም እንዲሁ፤ በዚያው ቋንቋ «አዋካትል» ይባል ነበር። የበቆሎ ነገርማ ለብቻው ይወራል።

ስለ ሜክሲኮ ምግብ ቤት ለመጻፍ ከወረታ ትሪ መነሣቴ ለዚህ ነው። ልጁን ሊጠይቅ ሎስ አንጀለስ ወይም ዋሽንግተን የሄደ የፎገራ አባት፣ «ዛሬ ውጭ እንብላ» ተብሎ ሰፈሩ ውስጥ ካለ የሜክሲኮ ቤት ሲገባ፣ የምግብ ዝርዝሩን አይቶ የማያውቀው አገር የገባ ይመስለዋል። ፈርቶ ዶሮና ሩዝ ያዝዛል። አዲስ አበባም ታኮና ቡሪቶ የሚያቀርቡ ቤቶች ውስጥ ይኸው ይታያል። እኔ የምለው፣ ኢትዮጵያዊ ከፈረንጅ ምግብ ቤቶች ሁሉ እንግድነት ሊሰማው የማይገባው እዚህ ነው። ቅመሙን ያውቀዋል፣ በእጅ መብላቱን ያውቀዋል፣ ምጣዱን ያውቀዋል።

የአያቶቻችን አጠራር ነገሩን መዝግቦታል። በቆሎ በብዙ የሰሜን አካባቢ «የባሕር ማሽላ» ይባል ነበር። እሾሃማው በለስ «የባሕር ቁልቋል» ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ተባለ። ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ነገር እዚህ ካለው ዘመዱ ጋር አጣምሮ መጥራት የተለመደ ነበር። የባሕር ማሽላና የባሕር ቁልቋል ሁለቱም የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ቁልቋሉ በሜክሲኮ ባንዲራ መካከል ንስር ቆሞበት ይታያል፤ እነሱ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ለጋ ቅጠሉንም እሾሁን ልጠው፣ ጠብሰው ይበሉታል።

ሜክሲኮ የሚለው ስም ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ ሰምቷል። አደባባዩ ስሙን ያገኘው በውለታ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ ብዙ መንግሥታት ወረራውን ተቀብለው ዝም ሲሉ፣ ሜክሲኮ እውቅና አልሰጥም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ አለ፤ በሥሩ ያለው የምድር ባቡር ጣቢያ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጠራል፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው።

አሁን ወደ ገበታው እንቅረብ። የሰፈር የሜክሲኮ ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድረዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ሎሚና ጨው አይጠፋም። እንደተቀመጡ መጀመሪያ የሚመጣው ሳልሳ ነው። ሳልሳ ማለት በእኛ ዳጣና በቲማቲም ቁርጥ መካከል ያለ ነገር ነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል አንድ ላይ ተከትፎ ወይም ተፈጭቶ ሎሚ ይጨመቅበታል። ቀይም አረንጓዴም አለ። አሜሪካ ውስጥ ካሉ ከሆነ ከሳልሳው ጋር የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ቁርጥራጭ በነጻ ይቀርባል። በሱ አይጥገቡ፤ ዋናው ገና ነው።

ዋናው ቶርቲያ ነው። የመዳፍ ስፋት ያለው ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ በሰፌድ ትኩሱን ይመጣል፤ የእኛ እንጀራ በሌማት እንደሚቀርበው ማለት ነው። ሥራውም እንደ እንጀራ ነው፤ ምግብ ነው፣ ሳህን ነው፣ ማንኪያም ነው። ሥጋ ወይም ቦሎቄ ጣል አድርገው ካጠፉት ታኮ ይሆናል። አይብ በመካከሉ አቅልጠው ካጠፉት ኬሳዲያ ነው። ጠቅልለው የበርበሬ ስልስ ካፈሰሱበት ኤንቺላዳ። ስሙ ቢለያይም መሠረቱ አንድ መሆኑን ካወቁ የምግብ ዝርዝሩ ግማሹ ተፈታልዎት። ቡሪቶ የሚባለው ትልቁ ጥቅል ግን ከስንዴ ቂጣ የሚሠራ የሰሜን ሜክሲኮ ወገን ነው። ታኮን በሹካ አይነካኩት። በሦስት ጣት ይዘው፣ ራስዎን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ከሳህኑ በላይ ይጉረሱት። እጅ የለመደ ሰው አይቸገርም።

ስንግ የሚወድ ሰው «ቺሌ ሬዬኖ» የሚለውን ያዝዝ። ትልቅ አረንጓዴ ቃሪያ ተጠብሶ፣ ልጣጩ ተገፎ፣ አይብ ተሞልቶበት በእንቁላል ተለውሶ የሚጠበስ ነው። የዶሮ ወጥ ወዳጅ ደግሞ «ሞሌ» ይበል። ሞሌ የደረቀ በርበሬ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ቅመምና አንዳንዴም ጥቂት ቸኮሌት ተፈጭቶ ረጅም ሰዓት የሚበስል ጥቁር ቡናማ ወጥ ነው። ከዶሮ ጋር ይቀርባል። ሴቶቹ ለግብዣ ሞሌ ለመሥራት ቀናት እንደሚደክሙ ሲነገር የእኛ እናቶች የፋሲካ ሽንኩርት ይታወሰኛል።

ስለ ጾምና ስለ አሳማ ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግርዎትም። ቦሎቄና አቮካዶ ስላለ ብቻ ምግቡ የጾም ነው ማለት አይደለም። የሚፈጨው የቦሎቄ ጥብስ በብዙ ቤት በአሳማ ስብ ይሠራል። በበቆሎ ሽፋን ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው ታማል፣ ኮባ ውስጥ እንደሚጋገር ዳቦ ያለ ነገር ነው፤ ሊጡ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያው ስብ አለበት። «ካርኒታስ» እና «አል ፓስቶር» የአሳማ ሥጋ ናቸው። አል ፓስቶርን ለሜክሲኮ ያስተማሩት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው፤ ሻዋርማቸውን ይዘው ሄደው እዚያ የበጉ ሥጋ በአሳማ ተተካ። ስለዚህ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ኢትዮጵያዊ፣ «ቦሎቄው በዘይት ነው በስብ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ አስተናጋጆቹ ጥያቄውን ለምደውታል። በዘይት ከሆነ፣ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ጓካሞሌና ቶርቲያ አይብ ሳይነሰነስበት የተሟላ የረቡዕና የዓርብ ማዕድ ነው። ጓካሞሌ ማለት በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የተፈጨ አቮካዶ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቶርቲያው የሚዘጋጅበት መንገድ ነው። ደረቅ በቆሎ በውሃ ይጣዳል። ውሃው ውስጥ የበቆሎውን ክብደት 1 በመቶ ያህል ለምግብ የተዘጋጀ ኖራ ይጨመራል። ጥቂት ይፈላና ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። በማግስቱ ሲያዩት የፍሬው ልጣጭ ለስልሶ በጣት ሲታሽ ይላቀቃል፣ ውሃው ቢጫ ሆኗል፣ ሽታውም የዘነበበት አፈር ዓይነት ነው። ታጥቦ እርጥቡን ይፈጫል። ድሮ፣ በገጠሩም እስከ ዛሬ፣ የሚፈጨው በድንጋይ ነው፤ ሴቲቱ ተንበርክካ ሁለት እጇን በላይኛው ድንጋይ ላይ አድርጋ ትገፋለች። «ሜታቴ» ይሉታል። የፎገራ ሰው ቢያየው ወፍጮና መጅ ብሎ ይጠራዋል፤ ቅርጹም አገፋፉም ያው ነው። ሊጡ በእንቁላል ልክ ይድቦለቦልና በመዳፍ ተጠፍጥፎ «ኮማል» የሚሉት ምጣድ ላይ ያርፋል። ይገለበጣል፣ ደግሞ ይገለበጣል፣ በመጨረሻ እንደ ፊኛ ይነፋል። ከተነፋ ሊጡ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ይህ ዘዴ «ኒሽታማል» ይባላል፤ «ኔሽትሊ»፣ ማለትም አመድ፣ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ልጣጩን ማስለቀቁና ሊጡ እንዲያያዝ ማድረጉ የሚታየው ጥቅሙ ነው። የማይታየው ይበልጣል። በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ ኖራው ይፈታዋል። ካልሲየምም ይጨምራል። በቆሎ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ዘሩ ብቻ ሄደ፣ ኖራው ቀረ። ከዚያ በኋላ በቆሎ ብቻ የሚበሉ ድሆች ቆዳን የሚያቆስል፣ ሆድን የሚያበላሽ፣ አእምሮን የሚያውክ በሽታ ያዛቸው። እስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካዛል በ1735 ገለጸው፤ ፔላግራ ተባለ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ጀምሮ በሽታው ከምግብ እጥረት እንጂ ከተላላፊ ነገር እንዳልሆነ አሳየ፤ ናያሲን መድኃኒቱ መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። ዘመኖቹ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ በቆሎ የሺህ ዓመታት ዋና ምግብ ሆኖ ሳለ በሽታው እንደዚያ አልገነነም።

ለእኛም በቆሎው የደረሰው ያለ ኖራው ነው። ዛሬ በቆሎ በምርት ብዛት ከኢትዮጵያ እህሎች ቀዳሚው ሆኗል። ቂጣ እናደርገዋለን፣ ገንፎ፣ ንፍሮ፣ ጠላ፣ ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ። እሸቱን ከሰል ላይ እንጠብሳለን። የሜክሲኮን ሊጥ ግን አልተማርንም። እርሾው፣ ጥራጥሬውና ወተቱ ስላሉልን የአውሮፓው ዓይነት መከራ አልደረሰብን ይሆናል፤ ቢሆንም የተረሳው ግማሽ እውቀት ቢገኝ መልካም ነው።

ፎገራ አዲስ ነገር መቀበል ያውቅበታል። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ሲገባ፣ የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ለሌላ እህል አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል መቀመጫ ናት፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ሆኗል። ሜክሲኮም ሩዝን የተቀበለችው ከውጭ ነው፤ እስፔናውያን ያመጡትን በቲማቲም አቅልታ የራሷ አደረገችው። በበጋ የመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት ወረታ ገበያ ላይ ሲትረፈረፍ ዋጋው ይወድቃል፤ ገበሬው አንስቶ ለመሸጥ የሚቸገርበት ሰሞን አለ። ይህ ሁሉ ሳልሳ ነው።

ከጣና የመጣ ቀረሶ ወይም አምባዛ ተጠብሶ በሎሚና በዳጣ የሚቀርብበት ቤትም ወረታ ላይ አይጠፋም። በሜክሲኮ በባሃ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የታወቀው ታኮ የተጠበሰ ዓሣ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ሳልሳና ሎሚ በቶርቲያ ነው። ከዚህ ውስጥ ወረታ የማይገኝ አንድም ነገር አላየሁም።

ወረታ ላይ ምግብ ቤት ያላችሁ እናቶችና እህቶች፣ አንድ ቅዳሜ ሞክሩት። የበቆሎ ቂጣውን በመዳፍ ልክ አሳንሳችሁ ጋግሩ፣ ዓሣውን አጥንቱን አውጥታችሁ ጥበሱ፣ ጎመኑን ጥሬውን ቀጭን ከትፉ፣ ቲማቲሙን ከቃሪያና ከድንብላል ቅጠል ጋር ቁረጡ፣ ሎሚ ጭመቁበት። ኖራውን መሞከር የምትፈልጉ ለምግብ የተዘጋጀውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ለግድግዳ የሚቀባው ለሆድ አይሆንም።