ተጨማሪ መረጃ፦ ጳጉሜን 6 ሲመጣ ምን ይሆናል?
በተፍኪ አንድ ሕፃን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። የልደት መመዝገቢያው ፕሮግራም የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ከሆነ ቀኑን አይቀበልም። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ተብሎ የተጻፈውም ይሳሳታል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ወሯ 6 ቀን አላት። ስለዚህ ጎበዝ የፕሮግራም ሞካሪ መስከረም 15ን አስገብቶ አይረካም፤ ጳጉሜን 5ን፣ 6ን፣ 7ን፣ ባዶውን ሳጥን ሳይቀር ይሞክራል።

ስሕተት ገንዘብ ላይ ሲደርስ ውድ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ መወሰዱን አስታውቋል። እናንተም የገንዘብ ማውጫ ፕሮግራም ስትጽፉ በቀሪው ሒሳብ ልክ፣ 1 ብር አሳንሳችሁና 1 ብር አብልጣችሁ ሞክሩት።